ጥልፍና ቁልፍ

ግንቦት ነው። ዘጠኝ ሰዓት። የደቻቱ አሸዋ ነዶ፣
ሰው ሁሉ ጥላ ሥር ነው፣ ሱቁን ገርበብ አርጎ ሄዶ፤
እኔ ግን ከከዚራ መጋላ በባጃጅ ስበር
መፍቱሃን አገኘኋት ቆማ በሱቋ በር።

«አቦ ቶሎ በል!» አለች፤ «ቅዳሜ ሰርግ አለ፣
ስድስት የሚዜ ቀሚስ ያለ ጥልፍ ዋለ፤
የሙሽሪት እናት ስልኳን አትዘጋም፣
ይህ ደግሞ ዘግቶኛል፤ ብመታው አይነቃም።»

ባለ አሥር መርፌው የጥልፍ መኪና ደርቆ፣
ወርቃማ ክሩን እንደ ጎረሰ ታንቆ፤
ኮምፒውተሩ ከጎኑ፣ በቀይ ሳጥን መሐል፣
«ቁልፍዎን ያስገቡ» ይላል። ይጠብቃል።

«ቁልፍማ ሞልቶኛል!» ሳቀች፣ ሳቋ ንዴት፣
የወተት ጣሳውን ዘረገፈች ፊት ለፊት፤
የኮት፣ የሱሪ፣ የሸሚዝ፣ የአባያ፣
«የቱን ላጉርሰው?» አለች፤ «ምረጥለት በያ!»

ቁጭ አልኩና ጀመርኩ እንደ ልማዴ፦
አጠፋሁ፤ አበራሁ። ይህ ነው የመጀመሪያ ዘዴ።
ፕሮግራሙን ከሥሩ ነቅዬ አጸዳሁት፣
ከፍላሽ አምጥቼ እንደ አዲስ ጫንኩት፣
ቫይረስ የሚጠብቀውን ዘብ «ዞር በል» አልኩት።
መቶ ደረሰ። አረንጓዴው መስመር ሞላ።
እፎይ ልል አፌን ስከፍት
ያው ቀዩ ሳጥን መጣ፤ «ቁልፍ»፤ ሌላ ቃል የለም፣ ሌላ።

አንገቴን ደፋሁና ድምፄን ዝቅ አርጌ፣
«ክራክ አለኝ» አልኳት፣ ፍላሼን ፈልጌ፤
«ይህ ሁሉ ከተማ መች ከፍሎ ይሠራል?
አምስት ደቂቃ ነው፤ ማን መጥቶ ይቆጥራል?»

ደረሰኝ አወጣች፣ በፌስታል ጠቅልላ፤
«የሁለት ዙር እቁቤን ነው ይህ ሳጥን የበላ።
ቤቱ የራሴ ሆኖ በመስኮት ልግባ?
ሳልሰርቅ ምን በወጣኝ ደርሶ እንደ ሌባ?»

አፈርኩ።
የደረሰኙን ቁጥር፣ ሃያ አምስት ፊደል፣ ዜሮና ኦ አምታቶኝ፣
ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ ሦስቴም «ስሕተት» ብሎ መለሰኝ።
ለድርጅቱ ኢሜይል ላክሁ፤ ወዲያው መለሰ ሰው ያልሆነ፦
«ጥያቄዎ ደርሶናል፣ በሦስት የሥራ ቀን…» ሰርጉ ግን ቅዳሜ ሆነ።

መብራት ጠፋ። ማራገቢያው ዞሮ፣ ዞሮ፣ ዛለ፤
ላቤ ኪቦርዱ ላይ ጠብ፣ ጠብ አለ።
ከሃያ ደቂቃ ኋላ መጣ፤ ሁሉም ነቃ፤
ክር የሚያቀብላት ሊበን ብድግ አለ በቃ፣
ማንም ሳያዘው፣ ግድግዳውን አየት አድርጎ፣
በሁለት ጣት ቀን ጻፈ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ተጠንቅቆ።
«ምንድን ነው?» አልኩት።
«መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑን ይረሳዋል፤
እኔ ነኝ የማስታውሰው።» ልጁ ኮርቷል።

ቀና ብዬ አየሁት የግድግዳውን ወረቀት፣
በአንድ ቅጠል ላይ ሦስት ዘመን ታትሞበት፤
የሂጅራው በአረንጓዴ፣ የእኛው በጥቁር ደምቆ፣
የፈረንጁ ከግርጌ፣ እንደ ሰናፍጭ ደቆ።

ስምንት ዓመት! አሃ፣ በሶፍትዌሩ መዝገብ
መፍቱሃ ገና አልገዛች፤ ገና አልቆጠረች ገንዘብ።
ስምንት ዓመት ቀድማ በሩን ስታንኳኳ
ቁልፍ የሚይዘው ዘበኛ አልተቀጠረም ለካ።
እኛ በቀናችን ልክ ነን፤ እሱም በቀኑ አልዋሸ፤
በሁለት እውነት መሐል ስንቱ ከሰዓት መሸ።

ጎኑን ፈታሁት። አቧራ። የክር ቅንጥብጣቢ።
ከሥሩ አንዲት ክብ ባትሪ፣ የቀን ሒሳብ አሳቢ፣
ሙቀቱ የጨረሳት።
ነቅዬ መዳፌ ላይ ሳኖራት መፍቱሃ አየችና
«ቁልፍ ነው አላልኩህም!» አለች፤ ከእጄ ነጠቀችና
ከጣሳው ጨመረቻት፣ ከካፖርቶቹ ጋር።

ከቦርሳዬ አዲስ ሰካሁ፤ ቀኑን ወደነሱ አሻገርኩ፤
ስምንት ዓመት በአንድ ጣት! ጸጉሬን ዳሰስኩ፤ አልሸበትኩ።
ቀዩ ሳጥን ጠፋ። መኪናው ጉሮሮውን ጠረገ፤
መርፌው ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ፤ የመጀመሪያው ቅጠል አደገ።

መፍቱሃ ስልኳን አንስታ «መጣ!» ትላለች፣ «መጣ!»
ከስክሪኑ ጥግ ግን አንዲት ቢጫ መስመር ወጣ፦
«የፈቃድዎ ጊዜ አሥራ ሦስት ቀን ይቀረዋል።»
አነበብኩላቸው። ዝም። መርፌው ብቻ ይሠራል።
ሊበን ክሩን እንደ ያዘ ወደ ግድግዳው ዞረና
«በማን አቆጣጠር?» አለ።